ሰው ሲሠራ ታይቶ ይቀጠር፦ ስለ ድሬዳዋ ወጣት የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሙያ ባልደረባችን የጻፉትን ጽሑፍ ሦስት ሰዎች በየተራ ላኩልኝ፤ አንደኛው «ይህ አንተን የሚመለከት ነው» የሚል ቃል ጨምሮበታል። እውነቱን ነው። ጽሑፉ በድሬዳዋ የሚገኙ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅቶች ወጣቶችን በየሳምንቱ እየሰበሰቡ ማኅበረሰብ እንገነባለን ማለታቸው ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው ይላል። ጸሐፊው እንደሚሉት ሠራተኛ የፈለገ ድርጅት ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ፈትኖ ይቅጠር፤ ትምህርቱ እንደሆነ በኢንተርኔት በነፃ አለ፤ የሠለጠነው ልጅ ነገ አዲስ አበባ ይገባል፤ በስብሰባ የሚገኝ ሥራ ዝምድናን ያነግሣል፤ የከተማው ወጣት ከሰዓት በኋላውን ለጫት የሰጠ ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በመጣበት ዘመን ደግሞ ጀማሪ ፕሮግራመር የሚፈልግ የለም።

እኔ ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ በተከራየናት ቤት ላለፉት አራት ዓመታት በየቅዳሜው ጠዋት በር ከፍቼ ወጣቶችን የምቀበል ሰው ነኝ። ድርጅታችን ትንሽ ነው፤ ለጅምላ ነጋዴዎች የዕቃና የዱቤ መዝገብ የሚይዝ ሶፍትዌር ይሠራል። ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ቦታ አለ፤ እዚያ ስደርስ ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ነገር ግን ጽሑፉን ያነበበ አንድ የድርጅት ባለቤት «እንግዲያው እኔም ልተወው» ብሎ በሩን ቢዘጋ፣ በዚያ በር ሊገቡ የነበሩት ልጆች ነገር ስላሳሰበኝ ነጥብ በነጥብ ልመልስ ወደድሁ።

ከማስታወቂያውና ከፈተናው እንጀምር። እኛም የጀመርነው በዚያው መንገድ ነው። ማስታወቂያ አወጣን፤ ማመልከቻ መጣ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስናያቸው አንዱን ከሌላው መለየት አቃተን። ሁሉም ዲግሪ አላቸው፤ የአብዛኞቹ የመመረቂያ ሥራ የተማሪዎች ወይም የሆስፒታል መረጃ መያዣ ነው፤ ሁሉም «በቡድን መሥራት እችላለሁ» ብለው ጽፈዋል። ፈተና ሰጠን፤ አንደኛ የወጣውን ቀጠርን። ጎበዝ ልጅ ነበር። ያልገባውን መጠየቅ ግን እንደ ሽንፈት ስለሚቆጥር አንድ ችግር ይዞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አለ፤ እኛም ሳናስተውል ቀረን። ጥፋቱን በእርሱ ላይ አልጭንም። ፈተናችን የጠየቀው የሚያውቀውን ነበር፤ የማያውቀው ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ አልጠየቀም። ሥራችን ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የማናውቀው ነገር የሚገጥመን ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነ አንድ ነገር ላንሣ። የታይዋን ገበያ ነጋዴ የሆኑ አንድ ደንበኛችን ስልክ ደውለው «ሰውየው ከመዝገቡ ጠፋ» አሉን። አሕመድ የሚባል ዱቤ ያለበት ሰው ነው። ሄደን ስናይ ሰውየው አልጠፋም። ሲመዘገብ በሐመሩ ሕ «አሕመድ» ተብሎ ነበር፤ ሲፈለግ ደግሞ በሃሌታው ህ «አህመድ» ተብሎ ነው። ለእኛ ሁለቱም አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አይደሉም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለዓለም ፊደላት የሚጠቀሙበት የጋራ የቁጥር ሠንጠረዥ) እትም ውስጥ ሲካተት እያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር ይዞ ነው የገባው። ስለዚህ ህ ከለ እንደሚለይ ሁሉ ህ ከሕም ይለያል። ብዙኃኑ ኀም፣ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰም፣ አልፋው አና ዐይኑ ዐም፣ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀም እንዲሁ። ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ኢብራሂምና ኢብራሒም፣ ዑመርና ኡመር፣ ዓሊና አሊ በአንድ የሱቅ ደብተር ላይ በሦስት ሰው እጅ ይጻፋሉ።

ችግሩን ቅዳሜ ነጭ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁት። ከተመረቁት አንዱ፣ ተቀራራቢ ቃላትን የሚፈልግ ዝግጁ ቀመር እንጠቀም አለ። ሞከርነው፤ አሕመድን ስንፈልግ መሐመድንም ይዞልን መጣ። ይሄኔ ከኋላ የተቀመጠ፣ እስከዚያ ቀን ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እጁን አወጣ። እናቱ ቀፊራ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ከትምህርት መልስ የዱቤ ደብተራቸውን የሚይዝላቸው እርሱ ነው። «ሰውየው ስሙን ያስጻፈበት ፊደል አይነካ፤ ቅር ይለዋል» አለ። «ከጀርባ ግን ሌላ ቅጂ ይኑር። በዚያ ቅጂ ላይ ሐመሩም ብዙኃኑም ወደ ሃሌታው ይመለሱ፤ ፍለጋው በዚያ ላይ ይሁን።» አፉን ሳይዘጋ ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ ተቃወመች፤ «ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ ቢሆኑብንስ? የአንዱን ዕዳ በሌላው ላይ ልንጽፍ ነው» አለች። ልጁ ጥቂት አሰበና «ልክ ነሽ» አላት። የአባት ስምና የስልኩ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አብረው እንዲወጡ ተስማሙ፤ ሰሌዳው ላይ ወጥተው አብረው ጻፉት።

በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ያየሁትን የትኛው የፈተና ወረቀት ያሳየኝ ነበር? የደንበኛን ልብ የሚያውቅ ልጅ አየሁ፤ ስሕተትን ሳትሳደብ የምትነቅስ ልጅ አየሁ፤ ሐሳቡ ሲታረም የማያኮርፍ ሰው አየሁ። ልጁ ሲመረቅ እንደ ማንኛውም አመልካች ተወዳድሮ ገባ፤ ዛሬ የፍለጋውን ክፍል በኃላፊነት የያዘው እርሱ ነው።

ትምህርቱ በነፃ አለ ለተባለው፣ በእርግጥ አለ፤ በመኖሩም ደስ ይለኛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና እኛ ዘንድ ለሚመጡ ብዙ ልጆች የመጀመሪያውን የኮድ መስመር አስጽፏቸዋል። የምስክር ወረቀቱን በስልካቸው ይዘው ይመጡና «ቀጥሎስ?» ይላሉ። እኛ ያለነው ለዚህ «ቀጥሎስ» ነው። የሌላ ሰው ኮድ ማንበብን፣ የራስን ኮድ ለሌላ ሰው ዓይን ማቅረብን፣ ደንበኛ በብስጭት የተናገረውን ወደ ሥራ መለወጥን ለብቻው ስክሪን ፊት የተቀመጠ ሰው ሊማረው አይችልም።

ጸሐፊው የሚተቹትን ዓይነት ስብሰባ ግን እኔም አውቀዋለሁና እዚህ ላይ አልከራከራቸውም። ንግግር አለ፣ የታተመ ካናቴራ አለ፣ ፎቶግራፍ አለ፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። የእኛም የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት እንዲያ ነበሩ። እንግዳ እየጋበዝን ስለ ቴክኖሎጂ የወደፊት ዕጣ እናስነግር ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ወንበር አልበቃንም፤ በአምስተኛው ወር አራት ሰው መጣ፤ ከአራቱም ሁለቱን ያመጣቸው ኢንተርኔቱ ነው።

ከዚያ ያወጡን ሐረር፣ ጁገል ውስጥ የሚኖሩ አንዲት የእናቴ ወዳጅ ናቸው። የአፎቻ አባል ናቸው። ለማያውቅ አንባቢ፣ አፎቻ ሐረሪዎች በሠርግና በለቅሶ የሚረዳዱበት የቆየ ማኅበር ነው፤ በሌላው አገር እድር ከምንለው ጋር የሚቀራረብ፣ ነገር ግን ሠርጉንም ጭምር የሚሸከም። ጭንቀቴን ነገርኋቸው፤ ልጆቹ እየቀሩብኝ ነው አልኋቸው። ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጣቸውን እያቀረቡልኝ «የቀረው ልጅ ምን ያጎድላል?» ብለው ጠየቁኝ። አሰብሁና «ምንም» አልሁ። «እንግዲያው ለምን ይመጣል?» አሉ። በእርሳቸው ማኅበር አንድ ሰው ሲቀር የሚጎድል እጅ አለ፤ ድስቱን የሚያወርደው፣ ለቅሶ ቤቱን የሚያስተናግደው፣ መዋጮውን የሚቆጥረው። እኔ የሰበሰብኋቸው ልጆች ቢመጡም ባይመጡም ለውጥ አልነበረውም፤ ይህንንም ከእኔ ቀድመው አውቀውት ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ንግግር ቀረ። እያንዳንዱ ልጅ ድርሻ ያዘ። አንዱ ቁልፉን ይይዛል፤ አንዷ ያለፈውን ሳምንት ሥራ ትመዘግባለች፤ ሁለት ሰዎች ተጣምረው አንዱ የሌላውን ኮድ ያያሉ፤ ነጋዴ ዘንድ ሄደው ቅሬታ ሰምተው የሚመለሱ ተመደቡ። የሚቀር ሰው አስቀድሞ ለጥንዱ ይናገራል። በሁለት ወር ውስጥ ቤቱ ሞላ። ጸሐፊው ማኅበረሰብ አይሠራም ሲሉ በዓይናቸው ያዩት ንግግሩን ከሆነ ትክክል ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ አይተው ከሆነ ግን በጽሑፋቸው ውስጥ ምልክቱ የለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ ጸሐፊው ሳያነሡት ያለፉት ነው። ማኅበረሰብ እየተባለ የወጣትን ጉልበት በነፃ መውሰድም አለ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ድርጅት የሁለት ቀን ውድድር ጠርቶን ሌሊቱን ሳንተኛ የሠራነውን ሰብስቦ ሄደ፤ ከወራት በኋላ የእኛው ሐሳብ በእርሱ ስም ለደንበኛ ሲሸጥ አየነው። ያ ቁጣ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ስለዚህ በእኛ ቤት ደንቡ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፦ ቅዳሜ የሚሠራ ነገር ለመማሪያ ነው፤ ወደ ደንበኛ የሚሄድ ከሆነ የሠራው ሰው ይከፈለዋል። የፊደሉን ፍለጋ የሠሩት ሁለቱም ልጆች ተከፍሏቸዋል። ለመቀጠር የሚወዳደርም ሰው የሁለት ሳምንት የሙከራ ሥራ ሲሠራ በደመወዝ ነው። ጸሐፊው «ወጣት የሚፈልገው ደመወዝ ነው» ያሉትን እቀበላለሁ። ሻይና ሳምቡሳ የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። አዎን፣ ይሄዳሉ። የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ እንዳይጻፍ ብላ የተቃወመችው ልጅ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ባንክ ትሠራለች፤ ስትሄድ ከፍቶኝ ነበር። ጸሐፊው ለዚህ ነጥብ የአንዴላን ታሪክ ምሳሌ አድርገው አምጥተዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ሌጎስ ላይ የተመሠረተው ይህ ድርጅት ጀማሪዎችን ደመወዝ እየከፈለ ያሠለጥን ነበር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ግን በናይጄሪያ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የጀማሪዎቹን ሥልጠና ዘግቶ በመቶዎች የሚቆጠሩትን አሰናበተ። እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ልጆቹ ትተውት መሄዳቸው አልነበረም። ደንበኞቹ የውጭ ድርጅቶች ነበሩና የፈለጉት ልምድ ያለው መሐንዲስ ነው፤ ጀማሪዎቹን የሚያሠማራበት ቦታ አነሰው። ይህ በአንድ ድርጅት ደመወዝና በአንድ ገበያ ላይ የተንጠለጠለ ትምህርት ቤት ምን እንደሚገጥመው ያሳያል። ጎረቤቱ ካለ ነጋዴ ችግር ተነሥቶ በቅዳሜ ጠዋት ስለሚሰበሰብ ሰው የሚነግረን ነገር የለም።

የሄዱትስ ምን ሆኑ? ባንክ የገባችው ልጅ ለዓረፋ ቤተሰቦቿን ልትጠይቅ ስትመጣ አንድ ሙሉ ጠዋት ከእኛ ጋር ተቀምጣ፣ ባንኮች አንድ የገንዘብ ዝውውር ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ እንዴት እንደሚጠነቀቁ ለሃያ ልጆች አስረዳች። በገንዘብ ልገዛው የማልችለው ትምህርት ነው። ከእኛ ወጥቶ ጅቡቲ በጭነት ሥራ የተሰማራ ሌላ ልጅ ደግሞ ሁለት ደንበኞች ልኮልናል።

ይህች ከተማ እኮ የተሠራችው እንዲሁ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ከፍታ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከታች ሜዳው ላይ ደረሰ፤ ድሬዳዋ በዙሪያው በቀለች። አያቴ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ ይሠሩ ነበር። ሥራውን የተማሩት ከአንድ አሮጌ ባለሙያ ጎን ቆመው፣ መጀመሪያ የብረት ብናኝ እየጠረጉ፣ ከዚያ መለኪያ እያቀበሉ፣ ከዚያ ማሽኑን እየያዙ ነው። እርሳቸውም በተራቸው ያሠለጠኗቸው ልጆች ግማሾቹ ወደ አዲስ አበባ ጋራዦች ሄዱ፤ ከሄዱበት ደግሞ መለዋወጫ ሲቸግር የሚጠሩት አያቴን ነበር። ልጅ ተምሮ ሄደ ብለው ሲያዝኑ ሰምቼ አላውቅም።

ጸሐፊው ድሬዳዋን ሥራ የሌለባት ዳር አድርገው መሳላቸው ደግሞ ከሚያውቁት ጋር አይገጥምም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትዎርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙከራ የከፈተው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠናም በዚያው ወር እዚሁ ሥራ ጀመረ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሐል አገር ሲሄድ በዚሁ ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ የሚመላለስ ጭነት፣ የጉምሩክ ሰነድ፣ የዱቤ ደብተር፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በሐረሪኛ የሚነጋገር ደንበኛ ሁሉ ሶፍትዌር ይፈልጋል። ይህን ለመሥራት ቀፊራ ውስጥ ደብተር የያዘ ልጅ ሌላ ቦታ ካደገ ባለ ከፍተኛ ውጤት ይበልጣል። እኛ ዘንድ ሲሆን ደጋግሜ ያየሁት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ የዝምድናው ነጥብ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ልቆይ። ጸሐፊው የሚሉት፣ በስብሰባ የሚቀጥር ሰው የሚቀጥረው ጓደኛውን ነው፤ ጓደኛው ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ነው። የእኛን የመጀመሪያ ዓመት ስም ዝርዝር ሳይ ይህ ክስ አፌን ያዘኝ። ወንዶቹ ይበዛሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የከዚራና የሳቢያን ልጆች ናቸው፤ ሁሉም አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ናቸው። ከመጋላ የመጡት ሁለት ብቻ ነበሩ። ማንንም አልከለከልንም፤ ግን ጓደኛ ጓደኛውን ሲጠራ ቤቱ በአንድ ወገን ሞላ። እንዲህ ካለ ቤት የሚቀጠር ሰው ቢቀጠር ጸሐፊው ዝምድና ቢሉት አልፈርድባቸውም።

ያደረግነው ይህን ነው። ጥሪው በአራቱም ቋንቋዎች ተጽፎ በቀበሌ ወጣት ማእከላትና በትምህርት ቤቶች ደጃፍ ተለጠፈ። በወር አንድ ጊዜ ስብሰባው ወደ መጋላ ተሻገረ። ከዚራንና መጋላን የሚለየውን የደቻቱን ወንዝ መሻገር በካርታ ላይ ቅርብ ነው፤ አዲስ ሰፈር ገብቶ ወንበር መያዝ ግን ለአንዳንድ ልጅ ሩቅ ነውና እኛ መሄድ ነበረብን። ለሴቶቹ ነገር ከሌሎች ተማርን። በ2014 እ.ኤ.አ. ሁለት የፖላንድ ሴቶች በርሊን ላይ የጀመሩት ጃንጎ ገርልስ የተባለ እንቅስቃሴ አለ፤ ኮድ ጽፈው ለማያውቁ ሴቶች በአንድ ቀን ነፃ ሥልጠና የመጀመሪያ ድረ ገጻቸውን ያሠራል፤ ለጥቂት ሴቶች አንድ አስተማሪ አብሮ ይቀመጣል። የወሰድነው ይህን አብሮ መቀመጥ ነው። የቀረውን እናቶች ነገሩን። አንዲት እናት መጥተው ቤቱን አዩ፤ መጸዳጃ ቤቱ በውስጥ የሚቆለፍ መሆኑን አዩ፤ ስብሰባው ከቀትር በፊት እንደሚያልቅ ጠየቁ፤ ልጃቸውን በሚቀጥለው ቅዳሜ ላኩ፤ ከእርሷ ጋር የጎረቤት ልጆች መጡ።

ቅጥሩን በተመለከተ ደግሞ በሩን ለሁሉም አንድ አድርገነዋል። ክፍት ቦታ ሲኖር በግልጽ እናስታውቃለን፤ ስብሰባችንን ያልረገጠም ያመለክታል። ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ይሰጣቸዋል፤ የሠሩት ስማቸው ተነሥቶ በቁጥር ብቻ ይቀርባል፤ ከሦስቱ መዛኞች አንዱ ከድርጅታችን ውጭ የሆነ ሰው ነው። እስካሁን ከቀጠርናቸው ሰባት ሰዎች ሁለቱ ቅዳሜአችንን አያውቁትም ነበር።

ነገር ግን ጸሐፊው ያላዩት ሌላ ገጽ አለ። ያለ እንዲህ ያለ ቤት ቅጥር ከዝምድና ነፃ ይሆን ነበር? ክፍት ቦታ መኖሩን ቀድሞ የሚሰማው ማን ነው? አጎቱ እዚያ የሚሠራ ልጅ ነው። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ሰው የሥራ ወሬ የሚሰማው ከቅርብ ወዳጁ ይልቅ አልፎ አልፎ ከሚያገኘው ሰው እንደሆነ አመለከተ፤ የቅርብ ወዳጅህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህና። አጎት ያለው ልጅ እንዲህ ያለ ትውውቅ በውርስ ያገኛል። እናቱ ቀፊራ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ልጅ ከየት ያገኛል? እኔ ለዚህ ልጅ በየቅዳሜው ሃያ ትውውቅ ከመክፈት የተሻለ መንገድ አላገኘሁም፤ ጸሐፊውም አላሳዩንም።

ጫትን በተመለከተ የተጻፈው አንቀጽ አሳዝኖኛል። በርጫ ላይ የሚባክን ዕድሜ መኖሩን አልክድም፤ የገዛ ታናሽ ወንድሜ ዓመታት አጥቶበታል። ሆኖም አንድን ከተማ ሙሉ ወጣት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎ ዋጋ ቢስ ማድረግ ፍርድ አይደለም። እኛ የምንገናኘው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀትር ላይ የድሬ ሙቀት ማንንም አያሠራም። በግንቦት ሙቀት እንኳ ያ ቤት ባዶ ሆኖ አያውቅም። ወንድሜም ቀስ በቀስ የተመለሰው ጠዋት ተነሥቶ የሚሄድበት ቦታ፣ ሲቀር የሚፈልገው ሰው ሲያገኝ ነው። ዛሬ የቁልፉ ተረኛ እርሱ ነው።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነገር ቀርቷል፤ ብዙ አያቆየንም። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚመልስ ኮድ ከእንዲህ ያለ መሣሪያ አጽፎ አመጣ። ያማረ ኮድ ነበር። በቀናት ስንፈትነው ጥሩ ሄደ። አንዲት ልጅ የራሷን የልደት ቀን አስገባች፤ ጳጉሜን 6 ቀን 1995 ዓ.ም. ኮዱ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለ። ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን አድርጎ ይዞታል። «ይህ ፕሮግራም እኔን አያውቀኝም» አለች። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። 1995 እንዲያ ነው፤ 2015ም እንዲያ ነው፤ 2019ም እንዲያው ይሆናል። ያ ኮድ ሳይታይ ነጋዴ ዘንድ ቢደርስ ኖሮ በጳጉሜን 6 የተሰጠ ዱቤ ሁሉ አይመዘገብም ነበር። መሣሪያውን እንጠቀምበታለን፤ በየቀኑ እንጠቀምበታለን። የጻፈውን የሚጠይቅ ሰው ግን ከመካከላችን መውጣት አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ መጀመሪያ ጀማሪ ነው።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከልቤ ነው። ስለ እኛ ከመጻፋቸው በፊት አንድ ቅዳሜ እንኳ መጥተው አያውቁም። አሁን ይምጡ። የመጪው ቅዳሜ ሥራ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። አንድ የጨርቅ ጅምላ ነጋዴ መዝገባቸውን በዓመተ ምሕረት ይይዛሉ፤ ከጅቡቲ የሚመጣው የጭነት ሰነድ በጎርጎርዮሳዊው ቀን ነው፤ ዘካቸውን የሚያወጡት ግን ሀብታቸው ላይ አንድ የሂጅራ ዓመት ሲሞላ፣ ከመቶ ሁለት ነጥብ አምስት አስልተው ነው። የሂጅራው ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ከፀሐዩ ዓመት ወደ 11 ቀን ያጥራልና ቀኑ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይመጣል። «ሶፍትዌራችሁ ቀኑን ቀድሞ ያስታውሰኝ» ብለዋል። ሦስት የዘመን አቆጣጠር በአንድ መዝገብ ላይ ነው፤ እስካሁን ልክ የሆነ መልስ ያመጣ የለም። ወንበር እንይዝልዎታለን፤ ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ቢደርሱ ጥሩ ነው።